ፍሬንች ሆርን ለትምህርት ቤት ባንድ፦ በጀት ሲያንስ ተረቱና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ያሳደገ ወላጅ ያውቀዋል። ልጁ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ «የትኛውን የሙዚቃ መሣሪያ መማር ይፈልጋል?» የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት ይመጣል። ፍሉት፣ ክላርኔት ወይም ትራምፔት የመረጠ ከመደብር ተከራይቶ ይገላገላል። ፍሬንች ሆርን ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለያል። ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ ስለሚከብድ፣ እንደ ቱባው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ገዝቶ የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው። የትምህርት ቤቱ በጀት ሲያንስ ደግሞ ጉዳዩ ለባንዱ ገንዘብ ወደሚያሰባስበው የወላጆች ኮሚቴ ይመጣል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታና በሲያትል ባሉ እንዲህ ዓይነት ኮሚቴዎች ውስጥ ዛሬ የእኛም ሰዎች ይቀመጣሉ።

ገንዘቡ ተሰብስቦ ግዢ ላይ ሲደረስ፣ ውሳኔውን የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ እምነቶች ናቸው። ጉዳቱ ደግሞ በገንዘብ ብቻ አይቀርም። አየር በሚያፈስ ሆርን ትምህርት የጀመረ የ11 ዓመት ልጅ ድምፁ አልወጣ ሲለው መሣሪያውን አይጠረጥርም። «እኔ አልችልም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ዓመቱ ሲያልቅም ባንዱን ትቶ ይወጣል። እምነቶቹ መፈተሽ ያለባቸው ከምንም በላይ ለዚህ ልጅ ሲባል ነው።

«አዲስ ይሻላል፤ ያገለገለ መግዛት የሰው ጣጣ መሸከም ነው»

ከሁሉም ይልቅ ገንዘብ የሚበላው ይህ እምነት ነው። የሆርን ጤንነት የሚታወቀው ቫልቮቹ (ቁልፍ ሲጫን የአየሩን መንገድ የሚቀይሩት ክፍሎች) ምን ያህል ጥብቅ እንደሆኑና ቱቦው ከውስጥ ምን እንደሚመስል ሲታይ ነው፤ የተሠራበት ዓመት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሆልተን የተባለው አሜሪካዊ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቺካጎ ሲምፎኒን ዋና የሆርን ተጫዋች ፊሊፕ ፋርካስን አማክሮ «ፋርካስ» የሚባሉትን ሆርኖች አወጣ። ከእነዚህ መካከል ሞዴል 179 የሚባለው ለአሥርት ዓመታት በትምህርት ቤቶችና በኦርኬስትራዎች ሲነፋ ኖሯል፤ ዛሬም ተጠግኖ በሚገባ ይሠራል። የኮን 6ዲ እና የያማሃ የመካከለኛ ደረጃ ድርብ ሆርኖችም (ድርብ ምን ማለት እንደሆነ ከታች ይመጣል) እንደዚሁ ናቸው። መለዋወጫቸው ይገኛል፤ ጠጋኞቹም ውስጣቸውን በደንብ ያውቁታል።

ያገለገለ ሆርን የሚገዛ ሰው ዋናውን ምርመራ ሙዚቀኛ ሳይሆንም ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ ተንሸራታቾቹን ቱቦዎች፣ ማለትም ስላይዶቹን፣ አንድ በአንድ ሳቧቸው። በእጅ ጉልበት ብቻ መውጣት አለባቸው። አንዱ እንኳ ደርቆ ከተያዘ በፒንሳ አትታገሉት፤ ጠጋኝ ሳያየውም ዋጋ አትቁረጡ። ቀጥሎ የአንዱን ቫልቭ ቁልፍ ሳትነኩ፣ የዚያኑ ቫልቭ ስላይድ ጥቂት ሳብ አድርጋችሁ ያዙት። ትንሽ ቆይታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ቫልቩ ጥብቅ ከሆነ ታፍኖ የቆየው ክፍተት አየር ሲስብ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ምንም ካልተሰማ አየሩ ቀድሞ ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው። ይህን በሁሉም ቫልቮች ላይ ድገሙት። ሁሉም ዝም ካሉ ያ ሆርን በቀላል ጥገና የሚድን አይደለም፤ ሻጩ ምንም ያህል ቢቀንስላችሁ ተዉት።

ከዚያ መሣሪያውን ገልብጡና የአንዱን ቫልቭ ክዳን በጣት አሽከርክራችሁ ፍቱ። ከሥሩ ክብ ሳህን ታያላችሁ። ሳህኑ ላይ ትንንሽ ጭረቶች አሉ፤ መሐል ላይ በሚሽከረከረው እምብርትም ላይ እንዲሁ። ቁልፉ ሲጫንም ሲለቀቅም ጭረቶቹ ልክ ለልክ መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ብዙ ጊዜ ቫልቩን የሚያቆመው ቁራጭ ቡሽ ወይም ጎማ ተበልቷል ማለት ነው። ዋጋው ኢምንት የሆነ ቁራጭ ነው፤ ነገር ግን በእሱ የተነሳ ቱቦው ግማሽ ተዘግቶ ይቀራል፤ ድምፁ ይታፈናል፤ ልጁም ሲነፋ ይደክማል። ይህን ጉድለት የምታውቁ ከሆነ በርካሽ ገዝታችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

በመጨረሻ ከንፈር ከሚያርፍበት ቁራጭ፣ ከማውዝፒሱ፣ አንስቶ እስከ ቫልቮቹ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። ሮዝ ወይም ቀይ ነጠብጣብ፣ በተለይም መሐሉ ጠቆር ያለ ከሆነ፣ ዚንኩ ከቅይጡ ተበልቶ መዳቡ ብቻውን እየቀረ መሆኑን ያሳያል። ከውስጥ የጀመረ ብልሽት ስለሆነ መወልወል አያድነውም፤ ቱቦው ውሎ አድሮ መቀየር ይኖርበታል። ስለዚህ የመቀየሪያው ዋጋ ከመሸጫው ላይ ይቀነስ። ሰው ዓይኑን የሚጥልበት የተላጠ ቅብና ደወል በሚመስለው ሰፊው አፍ ማለትም በቤሉ ላይ ያለ ስርጉድ፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ምንም አይደሉም። ያው ዓይነት ስርጉድ ግን በዚህ በቀጭኑ ቱቦ ላይ ካለ ያሳስባል። አየሩ የሚያልፈው በጠባብ ቦታ ስለሆነ ትንሽ መጥበብ እንኳ ድምፁን ያዛባል።

«ኢንተርኔት ላይ ያለው ርካሹ አዲስም ያው ሆርን ነው»

ድርብ ፍሬንች ሆርን፣ አዲስ፣ ከነሻንጣው፣ ከነጓንቲው፣ ከአንድ ሺህ ዶላር በታች። ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ አዲስ ድርብ ሆርን ብዙ ሺህ ዶላር እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ኮሚቴ ይህ ከሰማይ የወረደ መና ይመስላል። እዚህ ላይ ቻይና ውስጥ መሠራቱን እንደ ነውር መቁጠር ስህተት ነው፤ እዚያ ጥሩ መሣሪያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ። ችግሩ ያለው ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ መለዋወጫ የማይገኝለትና ከኋላው የሚጠየቅ ሰው የሌለ ዕቃ ላይ ነው። የቁልፉ ዘንግ ሲሰበር የሚተካ አይኖርም። አንዳንድ ጠጋኞችም ሠርተው ኃላፊነት መውሰድ ስለማይፈልጉ ገና ሲያዩት ይመልሱታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልሽጠው ቢሉ ገዢ የለውም፤ ያገለገለ ሆልተን ወይም ያማሃ ግን ተነፍቶም ዋጋ ያወጣል። ሁለት ስም የለሽ አዲስ ከመግዛት፣ አንድ ስም ያለው ያገለገለ ገዝቶ በትርፉ ማስጠገን ይሻላል። በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች የግዢ ደንባቸው ያገለገለ ዕቃ አያስገዛም ይላሉ። ኮሚቴው እጁን ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። ደንቡ በጽሑፍ የት ላይ አለ? ወላጆች ራሳቸው ገዝተው ለትምህርት ቤቱ በስጦታ ቢሰጡስ ይከለክላል?

«ድርብ ሆርን ካልሆነ ገንዘቡን መጣል ነው»

ይህ እምነት ግማሹ እውነት ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል።

ነጠላው ሆርን በኤፍ የተቃኘ ነው፤ ቱቦው ቢዘረጋ 3.7 ሜትር ያህል ይሆናል። የትራምፔት ቱቦ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ማውዝፒሱ ግን ትንሽ ነው፤ ተጫዋቹም በዚህ ረጅም ቱቦ ላይ በላይኛው ክልል ነው የሚነፋው። ረጅም ቱቦ ላይ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ያለ ቫልቭ የሚገኙት ድምፆች፣ ማለትም ሃርሞኒኮቹ፣ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። ስለዚህ ከንፈር ለጥቂት ከሳተ የሚወጣው የጎረቤቱ ድምፅ ነው። ኮንሰርት ላይ ሆርን «ሲሰበር» የምንሰማው ከዚህ የተነሳ ነው።

ፍሪትዝ ክሩስፔ በጀርመን ኤርፉርት ከተማ በ1897 ያወጣው ድርብ ሆርን ለዚህ መፍትሔ ነበር። በአንድ አካል ላይ ሁለት ቱቦ አለው፦ ረጅሙ የኤፍ፣ አጭሩ ደግሞ 2.75 ሜትር ገደማ የሆነው የቢ ፍላት። ተጫዋቹ በግራ አውራ ጣቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በትሬብል ክሌፍ ከአምስቱ መስመሮች በላይ ተቀምጦ የሚጻፈውን «ሶል» ብንወስድ፣ በኤፍ ቱቦ 12ኛው ሃርሞኒክ ሲሆን በቢ ፍላቱ ግን 9ኛው ነው። 9ኛው አካባቢ ድምፆቹ ትንሽ ራቅ ራቅ ስለሚሉ ለመምታት ይቀላል። ለዚህ ነው ከሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ሙዚቃው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ድርብ ሆርን የሚያስፈልገው።

ገና ለሚጀምር ልጅስ? በመጀመሪያው ዓመት የሚማራቸው ዜማዎች በጠባብ ክልል ውስጥ ስለሚዘዋወሩ ጥሩ ነጠላ የኤፍ ሆርን ይበቃዋል። ነጠላው ይቀላል፣ ዋጋው ያንሳል፣ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው። የድርቡ ክብደት ክንዱን ያደከመው ትንሽ ልጅ መሣሪያውን ያዘምማል፤ ማውዝፒሱ ከከንፈሩ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ይበላሻል፤ ያ ልማድ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። በቢ ፍላት የተቃኘ ነጠላም አለ፤ ለጀማሪ ድምፅ ለማውጣት ይቀላል። ነገር ግን ለኤፍ ከተጻፈው የማስተማሪያ መጽሐፍ ጋር የጣቱ አጠቃቀም ስለማይገጥም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ መምህሩንም ልጆቹንም ያደናግራል።

«ነጠላ የጀማሪ ብቻ ነው» የሚለውንም እዚሁ ማረም ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ዴኒስ ብሬን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስማቸው ከሚነሳ የሆርን ተጫዋቾች ግንባር ቀደሙ ነው። ከ1951 ጀምሮ በጀርመኑ የአሌክሳንደር ፋብሪካ የተሠራ ነጠላ የቢ ፍላት ሆርን ይጫወት ነበር። በ1953 በኦርኬስትራ መሪው በካራያን መሪነት የቀዳቸው የሞዛርት ኮንሰርቶዎች፣ ዛሬም ተማሪዎች እንደ መለኪያ የሚሰሟቸው፣ በዚያው ሆርን የተነፉ ናቸው።

ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ክፍፍሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ለጀማሪዎች የታወቀ ፋብሪካ ነጠላ የኤፍ ሆርኖች፣ ለበሰሉት ያገለገሉ ድርቦች። ድርቡ ሲመረጥም «ኮምፐንሴቲንግ» የሚባለውን ለዩት። ቱቦዎቹን በከፊል ስለሚያጋራ ቀለል ይላል፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን የኤፍ ወገኑን ማቃናት ከሙሉ ድርብ ይከብዳል። በጣም ረክሶ ከተገኘ ይያዝ እንጂ በሙሉ ድርብ ዋጋ አይገዛ። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ኮን 8ዲ አትፈልጉ። በሆሊውድ ስቱዲዮዎች የተወደደ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ግን ቤሉ ሰፊ፣ ክብደቱም የአዋቂ ስለሆነ ልጅ እስትንፋሱ አይበቃውም።

«ሜሎፎን ገዝተን ሜዳውንም አዳራሹንም እንሸፍንበት»

እኛ ኢትዮጵያውያን የማርሽ ባንድ ትዝታችን ጥልቅ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች፣ አርባ ልጆች ያልናቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በነፏቸው የነሐስ መሣሪያዎች ይህ ድምፅ በጆሯችን ገብቷል። ሰልፍ ላይ የሚነፋ መሣሪያ ድምፁን ወደ ፊት መላክ አለበት። የፍሬንች ሆርን ቤል ግን ወደ ኋላ ያያል፤ የተጫዋቹ ቀኝ እጅም ውስጡ ገብቶ ድምፁን ይቀርጻል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለሜዳው ሜሎፎን የሚጠቀሙት፤ ቤሉ ወደ ፊት የዞረ ነው፣ ቫልቮቹ ፒስተን ናቸው፣ የሚጫነውም በቀኝ እጅ ነው።

ሁለቱም በኤፍ ስለተቃኙ ሰው አንድ ናቸው ይላል። የሜሎፎን ቱቦ ግን የነጠላውን ሆርን ግማሽ ነው፤ የጣቱም አጠቃቀም ከትራምፔት ጋር እንጂ ከሆርን ጋር አይሄድም። በአስማሚ ቁራጭ የሆርን ማውዝፒስ የሚሰኩበትም አሉ፤ ቅኝቱ ይዛባል። ለሰልፍ ካስፈለገ ሜሎፎን ይገዛ። ከሆርኑ በጀት ግን አይሁን።

«ነጩ ሆርን ብር አለበት፤ ስለዚህ ይበልጣል»

የለበትም። «ኒኬል ሲልቨር» የሚባለው ቅይጥ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ብር አንዲት ነጥብ የለውም። ቢጫው ብራስ ወደ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ፣ ቀላ ያለው ደግሞ 85 በመቶ ገደማ መዳብ ነው። የቀለም ምርጫ ለትምህርት ቤት ግዢ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

«ሆርን በአራት ስለሚጻፍ አራቱም በአንድ ጊዜ ይገዙ»

በትልልቅ የባንድ ሥራዎች አራት የሆርን ክፍል መኖሩ እውነት ነው። ለጀማሪ ባንዶች በሚጻፉት ሥራዎች ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ እሱም አልቶ ሳክስፎን ከሚጫወተው ጋር ተደራርቦ ይጻፋል። ሆርን ቢጎድል ዜማው አይጎድልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ደህና ሆርን ገዝቶ በየዓመቱ አንድ መጨመር ይቻላል። አራት መናኛ አንድ ላይ ገዝቶ አራቱንም በሦስት ዓመት ከመጣል ይህ ይመረጣል።

«ትራምፔት ያቃተው ወደ ሆርን ይዛወር»

ይህ ልማድ በልጅ ላይ የሚሠራ በደል ነው። ድምፆቹ የሚቀራረቡበት መሣሪያ ላይ ጣት ብቻውን ትክክለኛውን ድምፅ አያመጣም፤ ልጁ ከመንፋቱ በፊት ድምፁን በጆሮው መስማት አለበት። ስለዚህ መዛወር ያለበት ጆሮው ጥሩ የሆነ፣ በዜማ ሳይስት የሚያንጎራጉር ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚዘምር ልጅ ካላችሁ ለመምህሩ ንገሩት። ጥራት ያለው ሆርን ለማይሆነው ልጅ መስጠት፣ በጀቱን በሌላ በኩል ማባከን ነው።

«ከተገዛ በኋላ ወጪ የለውም»

አለው፤ አብዛኛው ግን የጥቂት ዶላር ነው፤ የሚከብደው ሲዘነጋ ነው። የሆርን ቫልቭ የሚሽከረከር (ሮታሪ) እንጂ ፒስተን ስላልሆነ አውጥተው የሚቀቡት አይደለም። ዘይቱ በክዳኑ ሥር ባለው እምብርት፣ በሌላው ጫፍ ባለው ዘንግና በስላይዱ ቱቦ በኩል ወደ ቫልቩ ይገባል። ስላይዶቹ ግራሶ ይፈልጋሉ። ብዙ ሆርኖች ቁልፉን ከቫልቩ የሚያገናኙት በጠንካራ ክር ነው። ክሩ ሲበጠስ፣ ኮንሰርት መሐልም ቢሆን፣ ያ ቫልቭ ሞተ ማለት ነው። ጠንካራ የተጎነጎነ የዓሣ ማስገሪያ ክር ይተካዋል፤ ቋጠሮውም የስምንት ቁጥር ቅርፅ ያለው ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል። እያንዳንዱ የሆርን ሻንጣ ውስጥ ቁራጭ ክር፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ዘይትና ግራሶ ይኑር። በብረት መወልወያ ፈሳሽ እንዲያብረቀርቅ መፈተግ ግን ቅቡን ይፍቃል፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ዱቄትም ቫልቩ ውስጥ ከገባ እንደ አሸዋ ይፈጨዋል። ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ የፈላ አይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ ጠጋኝ ይየው፤ ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከግዢው ዕለት ጀምሮ ለብቻው ይቀመጥ።

ወደ አገር ቤት መሣሪያ ለመላክ የምታስቡም ይህንኑ አስቡበት። ሆርን ያለ ክር፣ ያለ ዘይትና ያለ ቡሽ ከተላከ፣ በአካባቢው ሮታሪ ቫልቭ የሚጠግን ሰው ካልተገኘ በወራት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከመሣሪያው ጋር የሁለት ዓመት መለዋወጫ አብራችሁ ላኩ፤ ካልቻላችሁ ሆርኑን ትታችሁ ትራምፔት ላኩ።

እዚህ ለተቀመጣችሁ የኮሚቴ አባላት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ቼክ ከመፈረማችሁ በፊት የባንድ መምህሩን የዕቃ ግምጃ ቤቱን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት። በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ስላይዱ የደረቀ፣ ክሩ የተበጠሰ፣ ቡሹ ያለቀ አሮጌ ሆርን ተቀምጦ ይገኛል። መጀመሪያ እነሱን ጠጋኝ ይያቸው፤ የአዲሱ ግዢ ስሌት የሚጀመረው የእሱ ዝርዝር ከመጣ በኋላ ይሁን።